ኦሜፕራዞል ያስረሳል ወይ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዓምድ «ኦሜፕራዞል» ስንል ወንድሞቹንም ጨምረን ነው፦ ኢሶሜፕራዞል፣ ፓንቶፕራዞል፣ ላንሶፕራዞል፣ ራቤፕራዞል። ስማቸው በ«ፕራዞል» የሚያልቀው እነዚህ መድኃኒቶች የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሥራቸውም አንድ ነው፣ የጨጓራ አሲድን መቀነስ፤ ስለ አንዱ የተነገረው በአብዛኛው ለሌላውም ይሠራል። የጠቀስናቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ለቃር የታዘዘላትን 20 ሚሊ ግራም ኦሜፕራዞል ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስትወስድ ቆይታለች። ሰሞኑን «የመርሳት በሽታ ያመጣል» ሲባል ሰምታ እንክብሉን ልትጥለው ነው። ትጣለው?

መልስ፦ አትጣለው። ቢያንስ በሰማችው ነገር ምክንያት ዛሬውኑ አትጣለው። መጀመሪያ ወሬው ከየት እንደመጣ እንይ።

ነገሩ ብዙ ጆሮ ያገኘው በ2016 ከጀርመን በወጣ ጥናት ነው። ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ የሆኑ የ73,679 ሰዎች የጤና መድን መዝገብ ሲመረመር፣ እነዚህን መድኃኒቶች ዘወትር በሚወስዱት ላይ የመርሳት በሽታ ከማይወስዱት በ44 በመቶ በልጦ ተገኘ። በቀጣዩ ዓመት ፊንላንድ ውስጥ ከ70,000 በላይ የአልዛይመር (ዋነኛው የመርሳት በሽታ ዓይነት) ሕሙማን ከጤነኛ እኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ ግን በመድኃኒቱ አወሳሰድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በ2018 ከሲያትል የወጣው ጥናትም እንዲሁ ምንም አላገኘም። ይህኛው ከመዝገብ የተለቀመ ሳይሆን 3,484 አረጋውያን በየ2 ዓመቱ የማስታወስ ምርመራ እየተደረገላቸው የተከታተለ ነው፤ ስለዚህ ከጀርመኑ የበለጠ ክብደት እንሰጠዋለን።

በ2023 ነገሩ እንደገና ተቀሰቀሰ። አሜሪካ ውስጥ በ5,712 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ መድኃኒቱን በድምሩ ከ4.4 ዓመት በላይ የወሰዱት ካልወሰዱት በ33 በመቶ የበለጠ ለመርሳት በሽታ ተጋልጠው ተገኙ። ከዚያ ላነሰ ጊዜ በወሰዱት ላይ ግን ግንኙነቱ አልታየም። በዚያው ዓመት ወደ 2 ሚሊዮን በሚጠጉ ዴንማርካውያን መዝገብ ላይ የተሠራ ጥናትም ግንኙነት አይቷል፤ በተለይም በሽታው ገና በ60ዎቹ ዕድሜያቸው በተገኘባቸው ሰዎች ላይ።

እንዲህ የሚጋጩት ለምንድን ነው? ሁሉም ሰዎች በራሳቸው ወይም በሐኪም ምክር የወሰዱትን ተከትለው የተመለከቱ እንጂ ለማን እንደሚሰጥ በዕጣ የወሰኑ አይደሉም። ምርኩዝ የያዙ ሰዎች ካልያዙት ይልቅ አዘውትረው ይወድቃሉ፤ የጣላቸው ግን ምርኩዙ አይደለም። ለዓመታት ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው በአማካይ ሲታይ ክብደቱ ከሌላው ከፍ ያለ ነው፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም አያጣውም፣ ሌሎች አምስትና ስድስት መድኃኒቶችም ይወስዳል። እነዚህ ራሳቸው አእምሮን ይጎዳሉ። በዚያ ላይ ሐኪም ዘንድ ስለሚመላለስ መርሳቱ ቶሎ ይታወቅበታል፤ ሐኪም ቤት የማይረግጠው ጎረቤቱ እኩል ቢረሳም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። አጥኚዎች ይህን በሒሳብ ለማስተካከል ይሞክራሉ፤ ያልተመዘገበን ነገር ግን ማስተካከል አይቻልም።

በዕጣ የተሠራ ሙከራ አለ፤ ለእኛ ከሁሉም በላይ የሚመዝነው እሱ ነው። ኮምፓስ በተባለው ሙከራ 17,598 የልብና የደም ቧንቧ ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ በቀን 40 ሚሊ ግራም ፓንቶፕራዞል፣ ገሚሶቹ መልኩ ተመሳሳይ የሆነ ነገር ግን መድኃኒት የሌለበት እንክብል ለ3 ዓመት ያህል ወሰዱ። ውጤቱ በ2019 ሲወጣ በመርሳት በሽታ፣ በአጥንት ስብራትም ሆነ በኩላሊት ሕመም በሁለቱ መካከል አስተማማኝ ልዩነት አልነበረም። ከፍ ብሎ የታየው የአንጀት ኢንፌክሽን ብቻ ነው፤ 1.4 በመቶ ለ1.0 በመቶ። ይህም ሙከራ ጉድለት አለው። 3 ዓመት፣ አዝግሞ ለሚመጣ በሽታ አጭር ነው። ስለዚህ «ፍጹም ነፃ ነው» አንልም፤ «ያስረሳል» ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ ግን የለም።

ይልቅ ከዜናው የተሻለ ጥያቄ አለ፦ እናትዎ ከስድስት ዓመት በፊት የታዘዘላቸው መድኃኒት ዛሬም ያስፈልጋቸዋል? ለተራ ቃር ኦሜፕራዞል ሲታዘዝ አብዛኛውን ጊዜ ለ4 ወይም ለ8 ሳምንት ነው። ብዙ ሰው ዓመታት የሚዘልቀው «ይቀጥል» ተብሎ ሳይሆን «ይቁም» የሚል ሰው ስለጠፋ ነው። እናትዎ ይህን ይዘው ሐኪማቸው ዘንድ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ 33 በመቶ ማለት ከሦስት ሰው አንዱ ይረሳል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ዜና አንባቢን የሚያሳስተው አንዱ ነገር ይኸው ነው። 33 በመቶ የተባለው የሁለት ቁጥሮች ንጽጽር ነው፤ ቁጥሮቹ ራሳቸው ትንንሽ ናቸው። በዚያው የአሜሪካ ጥናት መድኃኒቱን ፈጽሞ ካልወሰዱ 1,000 ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ 19 ያህሉ የመርሳት በሽታ ያዛቸው። ከ4.4 ዓመት በላይ ከወሰዱት 1,000 ደግሞ 24 ያህሉ። ልዩነቱ በዓመት ከሺህ 5 ሰው ነው። (24ን ለ19 ሲያካፍሉ 33 በመቶ አይመጣም፤ 33 የሆነው ዕድሜን፣ ደም ግፊትን፣ ስኳርንና የመሳሰሉትን ካስተካከሉ በኋላ ነው።)

አንድ ነገር እንጨምር። ለረጅም ጊዜ ወሳጆቹ 497 ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱ የመርሳት በሽታ የያዛቸው 58። በዚህን ያህል ሰው ላይ ብቻ በቆመ ስሌት ጥቂት ሰዎች ቢጨምሩ ወይም ቢጎድሉ መቶኛው ይወዛወዛል። ጥናቱ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም፤ አጥኚዎቹም መድኃኒቱ በሽታውን ያመጣል ብለው አልደመደሙም። ድምዳሜው የተጨመረው መንገድ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የጨጓራ መድኃኒት አእምሮ ዘንድ ምን አደረሰው? የሚያገናኛቸው መንገድ አለ?

መልስ፦ የታሰቡ መንገዶች ጥቂት አይደሉም፤ ሁሉም ግን እኩል አይታመኑም።

አንደኛው ከአሚሎይድ ጋር የተያያዘ ነው። አሚሎይድ በአልዛይመር ሕሙማን አእምሮ ውስጥ እንደ ዝቃጭ የሚከማች ፕሮቲን ነው። በቤተ ሙከራ ሕዋሳትና በአይጦች ላይ እነዚህ መድኃኒቶች አሚሎይድን እንደጨመሩ ታይቷል። ሁለተኛው አሴቲልኮሊን የተባለውን፣ ለማስታወስ የሚያስፈልገውን ኬሚካል የሚሠራ ኢንዛይም ይዘጋሉ የሚል ነው። ሁለቱም የሳህንና የአይጥ ግኝቶች ናቸው፤ አይጥን ያዳኑ ስንት መድኃኒቶች ሰው ላይ ሲደርሱ ከሽፈዋል፤ አይጥን የጎዳም እንዲሁ።

ሦስተኛው ቫይታሚን ቢ12 ነው፤ ልብ ሊሉት የሚገባው ይህን ነው። ከእንስሳት ተዋጽኦ የምናገኘው ቢ12 ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይመጣል፤ የሚያላቅቀው የጨጓራ አሲድና ፔፕሲን የተባለው ኢንዛይም ነው። አሲዱ ሲዘጋ ቢ12 ሳይላቀቅ ያልፋል። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስላለው እጥረቱ ዛሬ ጀምሮ ነገ አይታይም። በ2013 የወጣ ሰፊ ጥናት መድኃኒቱን 2 ዓመትና ከዚያ በላይ በወሰዱት ላይ የቢ12 እጥረት በ65 በመቶ ይበልጥ እንደሚገኝ አሳይቷል። እጥረቱ እግርን ያደነዝዛል፣ ሚዛን ያሳጣል፣ ሐሳብን ያዘገያል፣ ያስረሳል። በጊዜ ከተደረሰበት ደግሞ ይታከማል።

ስለዚህ ከ2 ዓመት በላይ የወሰደ ሰው፣ በተለይ ዕድሜው ከ60 ያለፈ ወይም ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስድ (ሜትፎርሚንም ቢ12ን ይቀንሳል፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ይከፋል)፣ የደም ቢ12 ይመርመር። በተለመደው መለኪያ ከ200 ፒኮ ግራም በሚሊ ሊትር በታች እጥረት ነው። ከ200 እስከ 300 ያለው አጠራጣሪ ስለሆነ ሜቲልማሎኒክ አሲድ የተባለውን ተጨማሪ ምርመራ ይጠይቁ። እጥረት ከተገኘ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በቀን 1,000 ማይክሮ ግራም በአፍ የሚወሰድ እንክብል ወይም መርፌ ነው። እንክብሉ ውስጥ ያለው ቢ12 ከፕሮቲን ጋር ስላልተጣበቀ አሲድ ሳያስፈልገው ይሠራል፤ ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው «አይመጠጥልኝም» ብሎ እንዳይተወው። መደንዘዝ ወይም የሚዛን ማጣት ካለ ግን በመርፌ መጀመር ይሻላል።

ማግኒዚየምም አለ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2011 እነዚህ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ዓመት በላይ ሲወሰዱ ማግኒዚየም ሊያሳጡ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ሲያጋጥም ግን የጡንቻ መኮማተር፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መዛባት፣ አንዳንዴም መደናገር ይመጣል። የሚያሸና የደም ግፊት መድኃኒት አብሮ የሚወስድ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። አንዳንድ ሕሙማን ማግኒዚየም እየተሰጣቸውም አልሞላ ብሎ መድኃኒቱ ራሱ መቆም ነበረበት።

ጥያቄ፦ ሐኪሜ «ልታቆሚው ትችያለሽ» ብሎኝ 40 ሚሊ ግራሙን በአንድ ቀን አቆምኩ። በአራተኛው ቀን ከበፊቱ የባሰ ቃጠሎ መጣብኝ፤ ተመልሼ ጀመርኩ። ያለ መድኃኒቱ መኖር አልችልም ማለት ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ያጋጠመዎት በሽታው መመለሱ ሳይሆን የመድኃኒቱ መልስ-ምት ሊሆን ይችላል።

ጨጓራ ውስጥ አሲድ የሚረጩ ጥቃቅን ፓምፖች አሉ። ኦሜፕራዞል ፓምፑ ላይ ተጣብቆ እስከ መጨረሻው ይዘጋዋል፤ ሰውነት አዲስ ፓምፕ እስኪሠራ አሲድ የለም። አሲድ ሲጠፋ ጨጓራ «ጨምሩ» የሚል ሆርሞን ያዛል፤ ጋስትሪን ይባላል። ጋስትሪን ለወራት ከፍ ብሎ ሲቆይ አሲድ የሚያስረጩት ሕዋሳት ይበዛሉ። መድኃኒቱ ድንገት ሲነሣ ያ ሁሉ የተዘጋጀ ኃይል ባንድ ጊዜ ይለቀቃል። በ2009 በወጣ ሙከራ ቃር ኖሯቸው የማያውቁ 120 ጤነኞች ተመርጠው፣ ገሚሶቹ 40 ሚሊ ግራም ኢሶሜፕራዞል ለ8 ሳምንት ወስደው አቆሙ። ካቆሙ በኋላ በነበሩት ሳምንታት 44 በመቶዎቹ ላይ ቃርና የመሳሰለ ምልክት ታየ፤ መድኃኒት የሌለበትን በወሰዱት ላይ 15 በመቶ። ጤነኛን ሰው እንዲህ ካደረገ፣ እርስዎን በአራተኛው ቀን ቢያቃጥልዎት አይግረምዎት።

በአንድ ጊዜ ማቆምም ደረጃ በደረጃ መቀነስም በባለሙያዎች መመሪያ ተቀባይነት አላቸው። በአንድ ጊዜው ለእርስዎ ስላልሆነ ደረጃ በደረጃውን ይሞክሩ። ከ40 ወደ 20 ሚሊ ግራም ይውረዱና 2 ሳምንት ይቆዩ። ቀጥሎ 20ውን አንድ ቀን ወስደው አንድ ቀን እየዘለሉ ሌላ 2 ሳምንት። ከዚያ ያቁሙ። (በቀን ሁለቴ የሚወስድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የማታውን ይተው። ላንሶፕራዞል የሚወስድ ከ30 ወደ 15 ይወርዳል።) እንክብሉን በቢላ ቆርጠው ግማሹን አይውሰዱ። ሽፋኑ መድኃኒቱን ከጨጓራ አሲድ ጠብቆ ወደ ትንሹ አንጀት የሚያደርስ ነው፤ ከተቆረጠ መድኃኒቱ መንገድ ላይ ይበላሻል። ዝቅተኛ መጠን ያለውን ያስጽፉ።

መልስ-ምቱ በሚበረታበት ጊዜ የሚያስታግስ ነገር አስቀድመው ይያዙ። አልጂኔት ያለበት ፈሳሽ ወይም የሚታኘክ እንክብል ከምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት ይወሰዳል፤ ከጨጓራው ይዘት በላይ እንደ ክዳን ተንሳፎ አሲዱ ወደ ጉሮሮ እንዳይወጣ ይይዛል። ለከበደ ማታ ፋሞቲዲን (የሌላ ቤተሰብ የአሲድ መቀነሻ) 20 ሚሊ ግራም። ሁለቱንም «ሲያስፈልግ» እንጂ በየቀኑ በግዴታ አይደለም።

መኝታዎን ያስተካክሉ። የአልጋውን ራስጌ ከእግሮቹ ሥር እንጨት ወይም ጡብ አስገብተው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት። ትራስ መደራረብ አይተካውም፤ ወገብን አጥፎ ሆድን ስለሚጫን አንዳንዴ ያብሰዋል። በግራ ጎን መተኛት ይረዳል፤ በግራ ሲተኙ ጨጓራው ከጉሮሮው በታች ይሆናልና። በእራትና በመኝታ መካከል 3 ሰዓት ይኑር። ክብደት ከበዛ ደግሞ ጥቂት ኪሎ መቀነስ ከማናቸውም የምግብ ክልከላ ይበልጣል። ረጅም የክልከላ ዝርዝር አንሰጥዎትም፤ እርስዎን የሚቀሰቅሰውን ከማስታወሻዎ ያገኙታል።

ማስታወሻው በየቀኑ አንድ መስመር ነው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ከ0 እስከ 3 የሕመም መጠን፣ ከዚያ በፊት የሆነው። «ማክሰኞ፣ ማታ 4 ሰዓት፣ 2፣ እራት እንደበላሁ ተኛሁ» ይበቃል። ይህን ያልጻፈ ሰው በ10ኛው ቀን «ምንም ለውጥ የለውም» ይላል፤ የጻፈ ሰው ግን 3ቶቹ ወደ 2፣ 2ቶቹ ወደ 1 መውረዳቸውን ያያል። መልስ-ምት ከሆነ በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። 8 ሳምንት አልፎም በሳምንት ሁለትና ከዚያ በላይ ቀን የሚያውክ ቃር ካለ በሽታው አለ ማለት ነውና በቂ ወደ ሆነው ትንሹ መጠን ይመለሱ። ለብዙ ሰው 20 ሚሊ ግራም ወይም ሕመሙ ሲነሣ ብቻ ለጥቂት ቀን መውሰድ ይበቃል።

ምግብ ሲውጡ ከተቸገሩ ወይም ጉሮሮዎ ላይ ከተያዘ፣ ሳያስቡት ክብደትዎ ከቀነሰ፣ ካስመለሰዎት ውስጥ ደም ካለ፣ ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም የደም ማነስ ከተገኘብዎ መቀነሱን ትተው ወዲያው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ኦሜፕራዞልን ከቁርስ በኋላ ነው የምወስደው፤ ቃሩ ግን አልለቀቀኝም። መጠኑ ይጨመርልኝ?

መልስ፦ ከመጠኑ በፊት ሰዓቱን ይለውጡ። መድኃኒቱ የሚይዘው እየሠራ ያለን ፓምፕ ነው፤ ፓምፖቹ የሚነቁት ደግሞ በምግብ ነው። ከምግብ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ሲወሰድ ፓምፖቹ ሲነቁ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ደርሶ ይጠብቃቸዋል። ደም ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ከቁርስ በኋላ የተወሰደ ሰልፉ ካለፈ በኋላ ይደርሳል። ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘውም ከ3 እስከ 5 ቀን በተከታታይ ከተወሰደ በኋላ ነው፤ አንድ ቀን ወስዶ «አልሠራም» ማለት አይቻልም። በየጊዜው መጠኑ እየተጨመረላቸው ለዓመታት የሚወስዱ ብዙዎች ችግራቸው ይህች የሰዓት ጉዳይ ነች።

ጥያቄ፦ አባቴ 68 ዓመቱ ነው። የልብ ቧንቧው ላይ ስቴንት ገብቶለት አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ይወስዳል፤ ኦሜፕራዞልም ታዝዞለታል። መርሳትን ፈርቶ ኦሜፕራዞሉን ማቆም ይፈልጋል።

መልስ፦ አባትዎ በራሳቸው እንዳያቆሙት። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አንድ ላይ ሲወሰዱ ከጨጓራ ደም የመፍሰስ አደጋ ከፍ ይላል፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ይበልጥ። የአሲድ መቀነሻው የተሰጣቸው ለቃር ሳይሆን ለዚህ ነው። ገና ያልተረጋገጠን የሩቅ ሥጋት ሸሽተው የተረጋገጠውን የቅርብ አደጋ እንዳይጠሩ።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ለሐኪማቸው ያንሡ። ክሎፒዶግሬል ሥራውን የሚጀምረው ጉበት ውስጥ በአንድ ኢንዛይም ከተለወጠ በኋላ ነው፤ ኦሜፕራዞልና ኢሶሜፕራዞል ያንኑ ኢንዛይም ይይዛሉ። ስለዚህ ከክሎፒዶግሬል ጋር ሁለቱ እንዳይሰጡ ይመከራል፤ በምትካቸው አብዛኛውን ጊዜ ፓንቶፕራዞል ይመረጣል። «ኦሜፕራዞሉ በፓንቶፕራዞል ይቀየርልኝ?» ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው።

ማቆም የማይገባቸው ሌሎችም አሉ፦ ከዚህ በፊት ከቁስለት ደም የፈሰሳቸው፣ ባሬት የተባለው የጉሮሮ ሽፋን ለውጥ ያለባቸው፣ በኢንዶስኮፒ (በጉሮሮ በሚገባ ካሜራ) ከባድ የጉሮሮ ቁስለት የታየባቸው፣ ጉሮሯቸው ጠብቦ በሕክምና ሰፋ እንዲል የተደረገላቸው።

ጥያቄ፦ ለአእምሮ ደኅና የሆነ ሌላ የአሲድ መድኃኒት የለም? ፋሞቲዲን ወይም የሚታኘከው ኖራ መሰል እንክብል?

መልስ፦ «ሌላው ደኅና ነው» ብሎ መዝለል አያዋጣም።

ፋሞቲዲን አልፎ አልፎ ለሚመጣ ቃር ጥሩ ነው። በየቀኑ ከተወሰደ ግን ሰውነት ይለምደውና በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ኃይሉ ይቀንሳል። ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊቱ የደከመ አረጋዊ መጠኑ ካልተቀነሰለት ሊደናገር ይችላል፤ ይህ እንደ ኦሜፕራዞሉ የተጠረጠረ ሳይሆን የታወቀ ነገር ነው። የዚሁ ቤተሰብ የነበረው ራኒቲዲን ደግሞ ካንሰር አምጪ ሊሆን የሚችል ንጥረ ነገር ስለተገኘበት በ2020 አሜሪካ ውስጥ ከገበያ እንዲወጣ ተደርጓል፤ ቤት ውስጥ የቆየ ካለ አይጠቀሙበት።

አሲድ የሚያመክኑት የሚታኘኩ እንክብሎችና ፈሳሾች ለጊዜው ማስታገሻ ናቸው። ማግኒዚየም ያለባቸው ያስቀምጣሉ፤ አሉሚኒየምና ካልሲየም ያለባቸው ያደርቃሉ። ከታይሮይድ መድኃኒት (ሌቮታይሮክሲን) በ4 ሰዓት፣ ከአንቲባዮቲኩ ቴትራሳይክሊን ቢያንስ በ2 ሰዓት ይራቁ፤ ሌላው አንቲባዮቲክ ሲፕሮፍሎክሳሲን ደግሞ ከእነሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰድ፤ ካልሆነ መድኃኒቶቹ አይመጠጡም። የሚገርመው፣ ከአሲድ መድኃኒቶች ሁሉ አእምሮን መጉዳቱ በትክክል የታወቀው ከኦሜፕራዞል በፊት የነበረው አሉሚኒየም ነው። ኩላሊታቸው ባቆመ፣ በማሽን ደማቸው በሚታጠብላቸው ሕሙማን ሰውነት ውስጥ አሉሚኒየም ተከማችቶ መንተባተብ፣ መንቀጥቀጥና መርሳት ያመጣ ነበር። አሉሚኒየሙ የሚገባው በተለይ ለማጠቢያ ከሚውለው ውኃ፣ እንዲሁም ከሚዋጡት እንክብሎች ነበር። ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው አልፎ አልፎ ቢወስደው በዚህ አይሥጋ፤ የኩላሊት ሕመምተኛ ግን ማግኒዚየምም አሉሚኒየምም ያለበትን ሐኪሙን ሳያማክር አይንካ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 64 ዓመቷ ነው፤ ለ5 ዓመት ፓንቶፕራዞል ወስዳለች። በዚህ ዓመት ነገር መድገም፣ ምድጃ ላይ ድስት ጥዶ መርሳት ጀምራለች። በመድኃኒቱ ነው?

መልስ፦ ከመድኃኒቱ በፊት የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። መጀመሪያ ፍጥነቱ። በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ መደናገር ከሆነ ዛሬውኑ የሚታይ ነው፤ ኢንፌክሽን፣ የሶዲየም መውረድ (ይህን ኦሜፕራዞልና ወንድሞቹ አልፎ አልፎ ያመጡታል) ወይም ስትሮክ ሊሆን ይችላል። በወራት ቀስ እያለ የመጣ ከሆነ ጊዜ ወስዶ የሚመረመር ነው።

ስትሄዱ በቤት ውስጥ ያሉትን መድኃኒቶች ሁሉ በአንድ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ ማዘዣ የተገዙትንም። ብዙ ጊዜ ኦሜፕራዞሉ ሲወቀስ ጥፋተኛው አጠገቡ ይገኛል፦ ለእንቅልፍ የሚወሰድ ዲያዜፓም ወይም ሎራዜፓም፣ ለአለርጂ ወይም ለእንቅልፍ የሚወሰድ ዳይፈንሃይድራሚን፣ ለድብርት ወይም ለነርቭ ሕመም የሚሰጥ አሚትሪፕቲሊን፣ ለሽንት መቆጣጠር የሚሰጥ ኦክሲቡቲኒን። እነዚህ ማስታወስን ስለመንካታቸው ያለው ማስረጃ ከኦሜፕራዞሉ እጅግ ይበልጣል። ሆኖም ዲያዜፓምና ሎራዜፓምን ለዓመታት የወሰደ ሰው በራሱ ድንገት አያቁም፤ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል።

የሚጠየቁት የደም ምርመራዎች፦ ቢ12፣ የታይሮይድ ሆርሞን፣ የደም ሕዋሳት ቆጠራ፣ ሶዲየም፣ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ስኳርና ኩላሊት። የመስማት ምርመራም ይጨመር። በደንብ ያልሰማ ሰው የተነገረውን አያስታውስም፤ የመስማት ችግር ራሱም በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ከዘረዘራቸው፣ ሊስተካከሉ ከሚችሉ 14 የመርሳት በሽታ አጋላጮች አንዱ ነው። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ማጨስና ከፍተኛ ኮሌስትሮልም እዚያ ዝርዝር ውስጥ አሉ። ኦሜፕራዞል የለም። ድብርትም ይጠየቅ፤ በዚህ ዕድሜ መርሳት መስሎ ይመጣል።

ፓንቶፕራዞሉን በተመለከተ፣ ለምን እንደታዘዘላቸው ከማኅደራቸው ይፈለግ። አሁን የሚያስፈልግ ምክንያት ከሌለ ከላይ ባለው መንገድ ይቀነስ። ግን የማስታወስ ምርመራው እስኪያልቅ አይጠብቁት፤ ምርመራውም መድኃኒቱ እስኪቀነስ አይጠብቅ። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሂዱ። የምድጃውን ነገር ደግሞ ዛሬ ማታ ያስተካክሉት፤ በተወሰነ ደቂቃ ራሱን የሚያጠፋ ሰዓት ይግጠሙለት፣ ወይም ባለቤትዎ ሲያበስሉ ሌላ ሰው አብሯቸው ይሁን።